ውሃልክ የገጠመው መኪና

«የዚያችን ልጅ መኪና እንዳትሳፈሪ፤ ጥርስሽ ተራግፎ ነው የምትወርጂው» አለች ከፊት የቆመችው ሴት። ዳቦ ቤቱ ገና አልተከፈተም፤ ሰልፉ ግድግዳውን ታኮ እስከ ልብስ ሰፊው በር ደርሷል። ጓደኛዋ ሳቀች። «መኪናው ምን አደረገ? አባቷ የገጠመው መኪና እኮ ነው። ውሃልክ ነክቶት የሚንቀጠቀጥ ነገር አይተሽ ታውቂያለሽ? እጇ ነው እንጂ። መሪ ሳይሆን ወንፊት የያዘች ነው የምትመስለው።» «ለማንኛውም ዛሬ ከረጅሙ መንገድ ሊያነሷት ነው አሉ። ይገላግሉን!» አለች የፊተኛዋ። በሩ ተከፈተና ሁለቱም ወደ ፊት ተጠጉ። ከኋላቸው ባዶ ከረጢት አንጠልጥለው የቆሙት ሽማግሌ ግን አብረው አልተጠጉም። ከእሳቸው ቀጥሎ ያለው ሰው ትከሻቸውን ነካ አድርጎ «አባት፣ ሰልፉ እኮ ሄዷል» እስኪላቸው ድረስ እዚያው እንደቆሙ ቀሩ።

ውሃልክ ማለት እሳቸው ናቸው። ወላጆቻቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያውቅ በሰፈሩ ብዙ ሰው የለም። ይሄኛው የወጣላቸው ጋራዥ ውስጥ ነው፤ የገጠሙት ነገር ሁሉ ግንበኛ በውሃልክ ለክቶ እንዳቆመው ግድግዳ ወዲያ ወዲህ የማይል ስለነበር። መኪና የሚሸጥ ሰው «ውሃልክ የገጠመው ነው» ካለ ገዢው ጎንበስ ብሎ ከስር ማየቱን ይተወዋል። ቢያይም የሚያገኘው አረንጓዴ ቀለም ነው። ጋሽ ውሃልክ ጠግነው የጨረሱትን ብረት ሁሉ አረንጓዴ ይቀቡታል፤ ቀለሙን ራሳቸው ከተለያየ ቆርቆሮ እየቀነሱ፣ እየጨመሩ፣ በእንጨት እያማሰሉ ነው የሚያወጡት፤ እንደዚያ ያለ አረንጓዴ ሱቅ ውስጥ አይገኝም። ሰው ስማቸውን እንዲህ ሲያነሳ በሰሙ ቁጥር ምንም እንዳልሰማ ሰው ዞር ይሉ ነበር እንጂ ውስጣቸው ደስ ይለው ነበር። ዛሬ ያው ስም ልጃቸው ላይ ምስክር ሆኖ ቆሟል። መኪናው ውሃልክ የገጠመው ከሆነ ጥፋቱ የሾፌሯ ነው፤ ሌላ የሚጠረጠር ነገር የለም።

ዳቦውን ይዘው ቤት ሲገቡ ባለቤታቸው ጠረጴዛውን እየወለወሉ ነበር። ሁለት ክፍል ቤት ነው፤ አንደኛው ውስጥ ጠረጴዛው፣ ሬዲዮው፣ ከጋራዡ የመጣው ወንበር፤ ሁለተኛው በመጋረጃ የተከፈለ፣ ከመጋረጃው ወዲያ የልጅቷ አልጋ። አልጋው ተነጥፏል። ሳይነጋ ነው የምትወጣው። ጋሽ ውሃልክ ተቀመጡና ዳቦውን ሳይቆርሱ ወደ መጋረጃው አዩ።

«ልጅቷ ስለ መኪናው ምን ትላለች?»

«ምን ትላለች?» አሉ ባለቤታቸው።

«የጠየቅኩሽ እኔ ነኝ።»

«ሻይህ እንዳይቀዘቅዝ።»

ሻዩ ትኩስ ነበር፤ እንፋሎቱ ይታያል። ባለቤታቸው እጃቸውን ዘርግተው ሬዲዮውን ከፍ አደረጉት። ጋሽ ውሃልክ ያን ጊዜ ነገሩ ገባቸው። ልጅቷ ማታ ማታ ስትገባ «ሥራ እንዴት ዋለ?» ብለው በጠየቁ ቁጥር ይሄ ሬዲዮ ከፍ ይላል። ልጅቷ «ደህና ነው አባዬ» ትላለች፣ እናትየዋ ሬዲዮውን ከፍ ያደርጋሉ፣ ከዚያ የአየር ሁኔታ ይሰማል። ስንት ማታ የአየር ሁኔታ ሲሰሙ ከርመዋል! ሰፈሩ ያውቃል፣ ዳቦ ቤቱ ያውቃል፣ ሚስታቸው ያውቃሉ፤ ያላወቁት መኪናውን የገጠሙት ሰውዬ ብቻ ናቸው። ሻዩን በቁማቸው ጠጡ፣ ኮፍያቸውን ደፉ፣ ወጡ። ባለቤታቸው እስከ በር ተከትለዋቸው «እንዳትቆጣት» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። ጋሽ ውሃልክ ያን ሲሰሙ ይበልጥ ግራ ገባቸው። ጥፋቷ ባይኖር ለምን እንዳይቆጧት ይለመናሉ?

መነኻሪያው ሞቅ ብሏል። የልጃቸው ሚኒባስ ረጅሙ መንገድ ተራ ላይ ቆሟል፤ ጎኑ ታጥቦ ያብረቀርቃል። ረዳቱ፣ ልጆች ያሳደገ ጎልማሳ ሰው፣ በሩ ላይ ቆሞ የመጨረሻ ሰዎቹን እየጠራ ነው። ሽማግሌውን ሲያይ አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ጋሽ ውሃልክ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው አለፉትና ወደ ኋላ፣ ከኋላ ጎማዎቹ በላይ ካለው ወንበር ሄደው ተቀመጡ። ከጎናቸው አንዲት ጠና ያሉ ሴት የእንቁላል ሳጥን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ሳጥኑን በሁለት እጃቸው ብቻ ሳይሆን በአገጫቸውም ጭምር ነው የያዙት። «ይህችን መኪና አያውቋትም መሰለኝ» አሉ ሴትዮዋ ወደ እሳቸው ዘንበል ብለው፤ «እኔ የመጣሁት ሌላ ስላጣሁ ነው። ከድልድዩ በኋላ ጠበቅ አድርገው ይያዙ።»

ከተማው ውስጥ ምንም አልነበረም። ጋሽ ውሃልክ በሞተሩ ድምፅ ረኩ፤ የማርሹ አገባብ ለስላሳ ነው፣ ፍሬኑ ሰው ወደ ፊት ሳይወረውር ይይዛል። ወደ ኋላ ለመደገፍ እንኳ ዳዳቸው። ድልድዩን አልፈው ሜዳው መንገድ ላይ ሲወጡ ልጅቷ አራተኛ ማርሽ አስገባችና ነዳጅ ሰጠች። ያን ጊዜ መጣ። መጀመሪያ ወለሉ እንደ ንብ ቀፎ አጉረመረመ፤ ቀጥሎ የመስኮቱ መስታወት መንዘር ጀመረ፤ ከዚያ ወንበሩ፣ ከዚያ የሰው ጉንጭ። «ጀመራት!» አለ ከመሃል አንድ ወጣት። ሰው ሳቀ። የእንቁላሏ ሴት ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልጅቷ ነዳጁን ቀነሰች፤ ንዝረቱ ወዲያው ለዘብ አለ። ጋሽ ውሃልክ አንድ ጫማቸውን አውልቀው ባዶ እግራቸውን ወለሉ ላይ ዘረጉ። ሰዎች እብድ ነው ብለው ሊስቁባቸው ይችላሉ፤ ግድ አልሰጣቸውም። ጎማ ቢሆን ኖሮ መሪው ላይ ነው የሚጫወተው፤ ይሄ መሪውን አልነካውም። ሞተር ቢሆን ቆማም ትንቀጠቀጥ ነበር። ይሄ ከስር፣ ከመሃል የሚመጣ፣ ፈጣን፣ በእያንዳንዱ ዙር ደርቦ የሚመታ ነው። ነዳጅ ሲሰጥ ይጠነክራል፤ ሲለቀቅ ይለሰልሳል። እግራቸው ከጭንቅላታቸው ቀድሞ አወቀው፤ ክሮቸራ ነው። ግን ሁለቱንም ክሮቸራ በአዲስ የቀየሩት ራሳቸው ናቸው፤ ግራሶ ሞልተው፣ በጣታቸው አዙረው፣ እንደ ቅቤ መዞሩን አይተው። ያለቀ ክሮቸራ አይደለም። ታዲያ ምንድን ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከማርሽ ሳጥኑ፣ ከካምቢዮው፣ ወደ ኋላ ጎማዎች የሚሄደው ረጅም ዘንግ ጫፍና ጫፉ ላይ ክሮቸራ አለው፤ መስቀል የመሰለ ብረት በሁለት ሹካ ተይዞ ዘንጉ እየታጠፈ እንዲዞር የሚያደርግ። የታጠፈ ክሮቸራ ደግሞ እኩል አይዞርም። በአንድ ዙር ውስጥ ሁለቴ ይቸኩላል፣ ሁለቴ ይዘገያል። ሁለት የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ የፊተኛው ያቻኮለውን የኋለኛው መልሶ ያረጋጋዋል፣ ጎማው ጋ ሲደርስ ጭቅጭቁ አልቆ ይደርሳል፤ ልክ አንዱ ሲቆጣ ሌላው እንደሚበርድ ባልና ሚስት። ይህ እንዲሆን ግን ዘንጉ ላይ ያሉት ሁለት ሹካዎች ወደ አንድ አቅጣጫ መቆም አለባቸው። ዘንጉ መሃል ላይ በጥርስ የሚገናኝ ሁለት ቁራጭ ስለሆነ፣ ሲፈታ ምልክት ተደርጎበት፣ ሲገጠም ምልክቱ ከምልክቱ ጋር መግጠም ይኖርበታል። ጥርሱ ከተዛነፈ የኋለኛው ክሮቸራ በማረጋጋት ፈንታ አብሮ ይቆጣል። ይህን ጋሽ ውሃልክ ለስንት ሠራተኛ አስተምረዋል! ምልክት ሳያደርግ ዘንግ የፈታ ሠራተኛ ከጋራዣቸው ተባሮ ያውቃል።

ምልክቱን አድርገውት ነበር። ሁለት ነጥብ፣ በመዶሻና በሹል ብረት፣ አንዱ ከአንዱ ፊት ለፊት። ትዝ አላቸው። መኪናውን ለልጃቸው ሊያስረክቡ ብረት በብረት ፈትተው፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው፣ ከስር የሚታይ ቆሻሻ እንዳይኖር ብለው እያንዳንዷን ቁራጭ ለየብቻ ቀቧት። አንዴ አልበቃቸውም፤ ደገሙት። ለሌላ ሰው አንዴ የሚቀቡትን ለልጃቸው ደገሙት። ቀለሙ ነጥቦቹን ሞላቸው። ሲገጥሙ ምልክቱን አጡትና በዓይናቸው ለክተው ገጠሙ፤ ዓይናቸው ደግሞ የድሮው ዓይን አይደለም። ከገጠሙ በኋላ ከላይ እስከ ታች የመጨረሻውን ቀለም አለበሱት። በሁለተኛ ማርሽ ሰፈሩን ዞሩበት፤ በዚያ ፍጥነት ምንም አይሰማም። ቁልፉን ለልጅቷ ሲሰጡ «ከስሩ ተኝተሽ ብትበዪበት ልብስሽ አይቆሽሽም» ማለታቸውም ትዝ አላቸው። ጫማቸውን መልሰው አጠለቁ።

ከዚያ በኋላ ልጃቸውን ማየት ጀመሩ። እስካሁን መኪናውን ነበር ያዩት። ልጅቷ ንዝረቱ ከሚጀምርበት ፍጥነት በታች፣ በፀጉር ያህል በታች፣ መኪናውን ይዛዋለች። ቁልቁለት ሲመጣ ቀድማ ታውቃለች፤ ንዝረቱ ሊመጣ ሲል እግሯን ታነሳለች፣ ካለፈ በኋላ ትመልሳለች። ከኋላ የመጡ መኪኖች ጥሩምባ እየነፉ ቀደሟት፤ አንዱ ረዳት በመስኮት ወጥቶ እጁን እንደ ወንፊት እየነቀነቀ አላገጠባት። አልዞረችም። እጆቿ መሪው ላይ ተኝተዋል። ያን ሁሉ ሰው አሳፍሮ በሚንቀጠቀጥ መኪና ውስጥ የማይንቀጠቀጥ ነገር ቢኖር የልጅቷ እጅ ነበር። ጋሽ ውሃልክ ብዙ ሾፌር አይተዋል፤ ጤነኛ መኪና የሚነዳ ሞልቷል። የታመመ መኪና ይዛ፣ ሰው ሳይጎዳ፣ ሳትማረር፣ አፍ እስከ ገደፉ የሞላ ድስት እንደተሸከመ ሰው ቀጥ ብላ የምትሄድ ሾፌር ግን አላዩም ነበር። የእንቁላሏ ሴት ሲወርዱ ሳጥኑን ከፍተው አዩ። አንድም አልተሰበረም። «ዛሬ ዕድሌ ነው» ብለው ሄዱ።

መኪናው ባዶ ሲሆን ልጅቷ ሳትዞር በመስታወቱ ውስጥ አየቻቸው።

«አባዬ፣ ኮፍያህ እኮ አይደብቅህም» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ አየሽኝ?»

«ከመነኻሪያው። ጫማህን ስታወልቅ ደግሞ አለቀልኝ አልኩ።»

ወደ ፊት መጥተው ጋቢና ከጎኗ ተቀመጡ። ረዳቱ «ውሃ ልጠጣ» ብሎ ጠፋ። ልጅቷ በወረቀት የጠቀለለችውን ዳቦ ለሁለት ገምሳ ግማሹን ሰጠቻቸው። ከመስታወቱ ውጭ አንድ ሰውዬ የሞተር ብስክሌቱን ሰንሰለት በጨርቅ ያብሳል፤ ሁለቱም እሱን ያዩ ነበር።

«ሹካዎቹ አልገጠሙም» አሉ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

«በመጀመሪያው ሳምንት ነው ገብቼ ያየሁት። ያንተ ልጅ አይደለሁም እንዴ?»

«ታዲያ ለምን አላስተካከልሽውም? የግማሽ ቀን ሥራ እንኳ አይደለም!»

«እሁድ እሁድ እየገባህ ታየዋለሃ። ቀለሙን ሳልሰብር እንዴት ነው የምፈታው? ቀለም ገዝቼ ላስመስለው ሞከርኩ፤ ስንት ሱቅ ዞርኩ። ያንተን አረንጓዴ የሚሸጥ የለም። ምን ዓይነት ሰው ነህ፣ እንደ ሰው የሱቅ ቀለም አትቀባም?» ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም።

«ዛሬ ሊያነሱሽ ነው አሉ።»

«ተራ አስከባሪው ከሰዓት ይወስናል። የገበያውን ዙር ይሰጡኛል።»

የገበያው ዙር ማለት ጋሪና አህያ የሚቀድምህ፣ አንደኛ ማርሽ ላይ የሚያልፍ ሕይወት ነው። ረጅሙን መንገድ ለማግኘት ልጅቷ ፈተናውን ስንቴ እንደተፈተነች፣ ማስፈቀዱ ስንት ደጅ እንዳስጠናት ያውቃሉ። በመነኻሪያው ታሪክ ረጅሙን መንገድ የያዘች ሴት እሷ የመጀመሪያዋ ናት። «ምንም አይደለም» አለች ዳቦዋን እያኘከች፤ «በገበያው ዙር አይንቀጠቀጥም። ከሁለተኛ በላይ አይገባበትም። ማንም ምንም አይልም፤ አንተንም፣ እኔንም።»

«ማን ለመነሽ?» አሉ ጋሽ ውሃልክ ድንገት ጮክ ብለው። ሰንሰለት የሚያብሰው ሰውዬ ቀና አለ። «ስሜን አድኝልኝ ብዬ ለምኜሽ አውቃለሁ?»

ልጅቷ የወረቀቱን ፍርፋሪ በመስኮት አራገፈች። «አንተ ስትፈታ ስትገጥም ነው ያሳደግከኝ። ሰው ሁሉ ስላንተ ሲያወራ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። እኔ ነኝ እንዴ የማፈርሰው?» ከዚያ ቁልፉን አዞረችና «ሰው መጣ፣ ውረድና ወደ ኋላ ሂድ። ጋቢናው የከፋይ ነው» አለች። ኋላ ሄደው ቦታቸው ላይ ተቀመጡ፤ በመንገዱ ሁሉ አንገቷን ከኋላ እያዩ ተመለሱ። ንዝረቱ ሲመጣ እንደ ጥፊ ተሰማቸው፣ ግን አንገታቸውን አልደፉም።

ከሰዓት በኋላ ተራ አስከባሪው ቆርቆሮ ቤቱ ፊት አግዳሚው ላይ ተቀምጧል፤ ሾፌሮቹ ከበውታል። ወፍራም፣ ረጋ ያለ፣ ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ የሚጠብቅ ሰው ነው። ከጎኑ ጥሩምባ የሚሉት ሾፌር ቆሟል፤ ከሞተሩ ይልቅ ጥሩምባውን የሚያሠራ በመሆኑ ነው እንዲህ የተባለው። «እኔ በሴትነቷ አይደለም» ይላል ጥሩምባ፤ «ሰው ቅሬታ አቀረበ። መኪናው መቼም የጋሽ ውሃልክ ሥራ ነው። መኪናው ደህና ከሆነ…» አልጨረሰም። ጋሽ ውሃልክ መሃል ገብተው ቆሙ፤ ልጅቷ ከኋላቸው። ሁሉም ቦታ ለቀቀላቸው፤ ተራ አስከባሪው ተነሥቶ አግዳሚውን አሳያቸው። አልተቀመጡም።

«መኪናውን የገጠምኩት እኔ ነኝ» አሉ። «አበላሽቼ ነው የገጠምኩት።»

ተራ አስከባሪው አንገቱን ነቀነቀ፣ በሐዘኔታ። «ጋሽ ውሃልክ፣ እኔም ሴት ልጅ አለችኝ። እርስዎ ቦታ ብሆን ከዚህም የባሰ ነበር የምለው።»

«ልጅህን ስለማሳደግህ አልጠየቅኩህም። አበላሽቻለሁ አልኩህ።»

«አባት አይደሉ፣ ምን ይበሉ!» አለ ጥሩምባ ለሌሎቹ። ሳቅ ተሰማ፤ የክፋት ሳቅ አይደለም፣ የአክብሮት ሳቅ ነው፤ ያ ደግሞ ባሰባቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ «ይሄ መኪና ደህና ነው» ሲሉ ማንም ሁለተኛ ጠይቋቸው አያውቅም። አንድ ቀን «ደህና አይደለም» ቢሉ የሚያምናቸው ሰው ጠፋ። የሠሩት ስም ከአፋቸው በላይ ሆኖ ተገኘ። ልጅቷ እጅጌያቸውን ያዘች። «አባዬ፣ ይበቃል።» «አይበቃም» አሉና ተራ አስከባሪውን «ኮትህን አውልቅ። አንተም ጥሩምባ፣ ና። ከስር ግቡ» አሏቸው።

ካርቶን ተነጠፈ። ተራ አስከባሪው ቦርጩን ይዞ እየተነፈሰ ገባ፤ ጥሩምባ በሌላው ጎን ገባ። አራት እግር ብቻ ከውጭ ቀረ። ሾፌሮቹ፣ ረዳቶቹ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ከበበ። ጋሽ ውሃልክ ጉልበታቸው ስለማይታጠፍ ቆመው ነው የሚጠይቁት፤ ልክ እንደ ዳኛ።

«ዘንጉ መሃል ላይ፣ ጥርሱን የሸፈነ ክዳን አለ። አየኸው?»

«አየሁት» አለ ተራ አስከባሪው ከስር።

«ክዳኑና ዘንጉ የተጋጠሙበት መስመር ላይ ቀለሙ ተሰንጥቋል?»

«ኧረ ደህና ነው። እንደ እንቁላል ድፍን ነው።»

«የማን ቀለም ነው?»

«የእርስዎ ነው።»

«እርግጠኛ ነህ? ሌላ ሰው አስመስሎት ቢሆንስ?»

«ይሄን ቀለም ማን ያስመስለዋል ጋሽ ውሃልክ! የእርስዎ ነው።»

«እኔ ከቀባሁት ወዲህ የፈታው ሰው አለ?»

«የለም። ቢፈታ ይሰነጠቅ ነበር።»

«ጥሩምባ፣ አንተ ሹካዎቹን እይ። የፊቱንና የኋላውን። ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የቆሙት?»

ጥሩምባ ከስር ሆኖ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ ጭንቅላቱን ሲያዞር ተሰማ። ቆይቶ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በዝቅተኛ ድምፅ፣ «አይደለም… አንዱ ፊቱን አዙሯል» አለ።

«ጮክ በል። ስምህን አስጠራ።»

«አልገጠሙም!»

ሁለቱ ከስር ሲወጡ ማንም አልሳቀም። ተራ አስከባሪው ጀርባውን ሳያራግፍ ልጅቷን አያት። «ይሄን ይዘሽ ነው ስትሠሪ የከረምሽው?» አላት። ልጅቷ ትከሻዋን ነቀነቀች። ጋሽ ውሃልክ ቀና ብለው ቆሙ። አንድ ነገር ሲፈርስ ሰምተዋል፤ በእጃቸው አፍርሰውታል፤ ሕመሙን ጠብቀው ነበር፣ አልመጣም። የመጣው ሌላ ነው። ያ ሁሉ ሰው ልጃቸውን እያያት ነበር፣ እሳቸው ጧት ከኋላ ወንበር ላይ ሆነው ባዩዋት ዓይን።

ልጅቷ የሥራ ልብሷን ለበሰችና ከስር ገባች። አባትየው ሣጥን ላይ ተቀምጠው ቁልፍ የሚያቀብሉ ሆኑ። «አሥራ ሦስት ቁጥር» ስትል አሥራ ሦስት፣ «መዶሻ» ስትል መዶሻ። ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ የሚሉትን አድርጋው ታገኛለች። ክዳኑ ሲፈታ ቀለሙ እየተሰነጠቀ መሬት ላይ ረገፈ፤ አረንጓዴ ቅርፊት እንደ ቅጠል ተበተነ። ዘንጉን አውጥታ ከእሳቸው ፊት አስቀመጠችው። ሁለቱን ቁራጭ ለያየች፣ አዞረች፣ አንዱ ሹካ ሌላውን ሲመስል ቆም አለችና ቀና ብላ አየቻቸው። ጋሽ ውሃልክ እጃቸውን አልዘረጉም። «ምን ታዪኛለሽ? ዓይን ያለሽ አንቺ ነሽ» አሉ። ገጠመችው። ከስር ተመልሳ ከመግባቷ በፊት በሹል ብረት ሁለት ነጥብ መታችበት፣ ጠለቅ አድርጋ።

ይህ በሚሆንበት ጊዜ ከሕዝቡ ኋላ አንዳንድ ሾፌር ቀስ ብሎ እየሸሸ ወደ መኪናው ሲሄድ ታየ። አንዱ የጫማውን ክር የሚያስር መስሎ ከመኪናው ስር አጮለቀ። ሌላው ሳንቲም የጠፋበት መሰለ። ጥሩምባ ግን ሳይደበቅ ሄዶ ገብቶ ወጣና ጉልበቱን እያራገፈ መጣ። «የኔንም የገጠሙት እርስዎ ነዎት» አለ።

«አየኸው?»

«ገጥሟል።»

«እንግዲህ አንተ ጋ የሚንቀጠቀጥ ነገር ካለ ምላስህ ነው።»

ይሄኔ ሳቁ እውነተኛ ሳቅ ሆነ፤ ጥሩምባ ራሱ ሳቀ። ተራ አስከባሪው ቆርቆሮ ቤቱ ላይ በተሰቀለው ጥቁር ሰሌዳ የጻፈውን የእሷን የገበያ ዙር በእጅጌው ጠርጎ «ረጅሙ መንገድ፣ ተራዋ የእሷ ነው!» ብሎ ጮኸ። ሰው ተግተልትሎ ገባ። ጧት «እንዳትሳፈሪ» ስትል የነበረችው ሴት ሳትቀር እየተጋፋች ገባች። ተራ አስከባሪው ራሱ «በዓይኔ ካላየሁ» ብሎ ጋቢናው ላይ ተደላደለ። ጋሽ ውሃልክ እጃቸውን በሩ ላይ አድርገው አንድ እግራቸውን አነሡ።

«አባዬ፣ ሞልቷል» አለች ልጅቷ ከመሪው።

«ምን?»

«ትርፍ አልጭንም። ቀጣዩን ያዝ።»

ረዳቱ ዓይኑን ወደ ሰማይ አደረገ። በሩ በፊታቸው ተዘጋ። ጋሽ ውሃልክ መሬት ላይ ቆመው የመኪናው ጀርባ ከመነኻሪያው ሲወጣ አዩት፤ ፈገግታቸውን ለመሰብሰብ ሞከሩ፣ አልሰበሰብ አላቸው። ከዚያ ዞሩና ቀጣዩ መኪና ውስጥ ገቡ። የጥሩምባ ነው። ጥሩምባ የጋቢናውን መቀመጫ በእጁ ጠረገላቸው፤ ተቀመጡ።

ድልድዩን ሲያልፉ ሜዳው መንገድ ላይ፣ ፊት ለፊት፣ የልጅቷ መኪና ታየ። አራተኛ ማርሽ ስታስገባ ጭሱ ብን ብሎ ወጣ። ጋሽ ውሃልክ እግሯን የምታነሳበትን ቦታ ጠበቁ። አላነሳችም። መኪናው ሳይርገበገብ፣ ሳይዘገይ፣ እንደ ተሳበ ክር ቀጥ ብሎ ሄደ፤ መሃላቸው ያለው መንገድ እየረዘመ መጣ። ጥሩምባ ነዳጁን ረገጠ፣ እጁ ልማዱ ነውና ወደ ጥሩምባው ሄደ።

«ልድረስባት እንዴ ጋሽ ውሃልክ?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ ወንበሩን ደገፍ አሉ።

«ከቻልክ» አሉ።